ትምህርት ፍለጋ ከአገር መውጣት፦ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ልምድ

መግቢያ

በአማርኛ «አገር» የሚለው ቃል መላዋን ኢትዮጵያ እንደሚያመለክት ሁሉ የአንድን ሰው የትውልድ ቀበሌም ያመለክታል። በመሆኑም ከስማዳ ተነሥቶ ጎጃም የተሻገረ ተማሪ የኢትዮጵያን ወሰን ሳያልፍ «የሰው አገር» ገባ ይባላል። በውጭ አገር መማር ከመለመዱ እጅግ ቀደም ብሎ የአገሪቱ ሊቃውንት የተገኙት ከዚህ ዓይነቱ ጉዞ ነው። ይህ ጽሑፍ በምሥራቃዊው ደቡብ ጎንደር የነበረው ልምድ እንዴት ይካሄድ እንደነበረና ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ምን እንደሚያስገነዝብ ያብራራል።

የጉዞው ምክንያት

ነባሩ የቤተ ክህነት ትምህርት በአንድ ቦታ ተጀምሮ በአንድ ቦታ የሚፈጸም አይደለም። ፊደል፣ ንባብና ዳዊት በየደብሩ ይገኛሉ፤ ከዚያ በላይ ያለው ግን በየሙያው ስም ባተረፉ ማእከሎች የተከፋፈለ ነው። ለድጓ የጋይንቷ ቤተልሔም፣ ለዝማሬና ለመዋሥዕት እዚያው ጋይንት ያለችው ዙር አምባ፣ ለአቋቋም ጎንደር፣ ለቅኔ ዋድላ፣ ዋሸራና ጎንጅ፣ ለቅዳሴ ሰላልኩላና ደብረ ዓባይ በዋነኛነት ይጠቀሳሉ። ስለዚህ የጋይንት ልጅ ቅኔ ለመቁጠር ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ሲገባ፣ የሌላው ክፍለ ሀገር ልጅ በአንጻሩ ለዜማ ወደ ጋይንት ይመጣል። አካባቢው ተማሪ ላኪም ተቀባይም ነበር።

በዚህ ሥርዓት ከፍተኛ ትኩረት የሚገባው «ማስመስከር» የሚባለው ነው። ድጓን በሌላ ቦታ የተማረ ሰው እንኳ የታወቀ መምህር ለመሆን ሲሻ ወደ ቤተልሔም ሄዶ ዕውቀቱን ያስመሰክራል። መጻሕፍት በእጅ ይገለበጡ በነበረበት፣ ዜማም ከአፍ ወደ ጆሮ ይተላለፍ በነበረበት ዘመን፣ ትምህርቱ በየቦታው እንዳይለያይ የጠበቀው ይኸው ነው። የዛሬው ብሔራዊ ፈተና የሚሠራውን ሥራ በከፊል ይሠራ ነበር ማለት ይቻላል።

የተማሪው አኗኗር

ተማሪው ከቤቱ ሲወጣ ይዞት የሚሄደው ለምድ፣ አኩፋዳና የውሻ መከላከያ ዱላ ነው። ከደረሰበትም በመምህሩ ቤት ዙሪያ ትንሽ ጎጆ ቀልሶ ይገባል። ምግቡን «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ዞሮ ያገኛል፤ ባለአገሩም ከማሳው ምርት ቁራሽ እንጀራ ወይም እፍኝ ቆሎ ይሰጠዋል። «የቆሎ ተማሪ» የሚለው ስያሜ ከዚሁ የመጣ ነው። ረኃቡ፣ በሽታውና ናፍቆቱ ቀላል አልነበረም፤ ሳይፈጽም የቀረውም ብዙ ነው። ይሁን እንጂ ነባሩ ተማሪ አዲሱን ስለሚያስጠናና በሕመሙም ጊዜ ስለሚያስታምመው፣ ዘመድ የሌለው ልጅ ፈጽሞ ብቸኛ አይሆንም ነበር። በመካከለኛው ዘመን የቦሎኛ ተማሪዎችም በየትውልድ አገራቸው ማኅበር እየመሠረቱ ይረዳዱ እንደነበር ይታወቃል።

የጉዞው አቅጣጫ መለወጥ

ዘመናዊ ትምህርት ሲስፋፋ የጉዞው መድረሻ ተለወጠ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራ እስኪጀምር ድረስ ዘመናዊ ከፍተኛ ትምህርት የፈለገ ኢትዮጵያዊ ባሕር ማቋረጥ ነበረበት። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ደግሞ ተማሪዎችን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች አሰማራ፤ በ1967 ዓ.ም. የታወጀው የዕድገት በኅብረት ዘመቻም በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አዘመተ። ብዙ የከተማ ልጆች የገዛ አገራቸውን ገበሬ አኗኗር በቅርብ ያዩት በዚህ ጊዜ ነው።

ዛሬም የገጠር ልጅ ጉዞ አልቀረም። ከጉና ግርጌ እስከ በሽሎ ሸለቆ ተራራና ገደል በሚፈራረቅበት በዚህ አካባቢ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሻ ልጅ ንፋስ መውጫ፣ ወገዳ ወይም መካነ ኢየሱስ ከተማ ቤት ተከራይቶ ይቀመጣል። ዱቄትና ሽሮ ከወላጆቹ ቤት ይሸከማል፤ ስንቁ ሲያልቅ ከትምህርት ገበታው ቀርቶ ይመለሳል። የቆሎ ተማሪውን ወጪ ባለአገሩ ሁሉ በእፍኝ በእፍኝ ይጋራው ነበር፤ የዛሬውን ግን አንድ ቤተሰብ ብቻውን ይሸከመዋል። በተለይ ለሴት ልጅ የኪራይ ቤት ኑሮ አስጊ በመሆኑ፣ ወላጅ ልኮ ከመጨነቅ ማስቀረትን ሊመርጥ ይችላል።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተገለጸው ሦስት ነጥቦች ይወሰዳሉ። አንደኛ፣ ትምህርት ቤት ሲታቀድ የተማሪው ማደሪያና ምግብ አብሮ ሊታሰብ ይገባል፤ በተለይም ለሴቶች ልጆች ጥበቃ ያለው ማደሪያ ቅድሚያ ያሻዋል። ሁለተኛ፣ ነባር ተማሪ አዲሱን እንዲረዳ የማድረግ ልማድ ብዙ ገንዘብ ሳይጠይቅ በማንኛውም ትምህርት ቤት ሊደራጅ ይችላል። ሦስተኛ፣ ከሩቅ የመጣን ተማሪ መርዳት ለባለአገሩ እንግዳ ነገር ስላልሆነ፣ የወላጆች ኮሚቴዎች ይህን የቆየ ልግስና በአዲስ መልክ ሊያስተባብሩት ይችላሉ። ልመናው እንዲመለስ የሚሻ የለም፤ ሊመለስ የሚገባው ተማሪውን የጋራ ልጅ አድርጎ የማየቱ ልማድ ነው።