ጥሬ አኩሪ አተርና የጫጩት ቆሽት

ከአኩሪ አተር ፍሬ ከመቶ 36 እስከ 40 የሚደርሰው ፕሮቲን፣ 20 ገደማው ደግሞ ዘይት ነው። የመኖ ዋጋ ያስመረረው አርቢ ይህን ሲሰማ፣ ከፓዌ ወይም ከጅማ የመጣ አኩሪ አተር ሸምቶ እንዳለ ለጫጩቶቹ ሊበትን ይዳዳዋል። ጫጩቶቹ ይበላሉ፤ ግን አያድጉም።

ነገሩ ከታወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1917 ኦስቦርንና ሜንደል የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ ጥሬውን በልተው የቀጨጩ አይጦች የተቀቀለውን ሲበሉ እንደሚፋፉ አሳዩ። በ1945 ደግሞ ሞሰስ ኩኒትስ ከጥፋቱ በስተጀርባ ካሉት ፕሮቲኖች አንዱን ለይቶ አወጣ። ይህ ፕሮቲን ትሪፕሲን የተባለውን፣ ከቆሽት የሚመነጭ የምግብ ፈጪ ኢንዛይም አንቆ ይይዘዋል። ቆሽት የጎደለውን ለመተካት ያለ ፋታ ያመነጫል፤ በመጨረሻም ያብጣል። የመነጨው ኢንዛይም ሜቲዮኒንን የመሳሰሉ ድኝ አዘል አሚኖ አሲዶችን ይዞ ከኩስ ጋር ይወጣል። አኩሪ አተር ደግሞ ድሮውንም ሜቲዮኒን ያንሰዋል። ሜቲዮኒን የማያንሰው የሰሊጥ ፋጉሎ እንዲቀላቀልበት የሚመከረውም ለዚሁ ነው። ያደገች ዶሮ ጥሬውን ከጫጩት ይልቅ ትችለዋለች፤ እሷም ብትሆን በሚገባ አትጠቀምበትም።

መፍትሔው እሳት ነው፤ እሳቱም ልክ አለው። ምጣድ ላይ የተቆላ ፍሬ ላዩ አርሮ ውስጡ ጥሬ ሊቀር ይችላል። ካረረ ደግሞ ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ከስኳር ጋር ተጣብቆ ለጫጩቷ የማይጠቅም ይሆናል። ስለዚህ በእኔ ግምት ለትንሽ አርቢ የሚሻለው ዘፍዝፎ፣ ውሃው ከፈላ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀቅሎ፣ በፀሐይ በደንብ ማድረቅ ነው። ከዚያ ይፈጭ፤ ድፍኑን ፍሬ የጫጩት ሆድ አይችለውም።

መብሰሉን ለማወቅ ላቦራቶሪ የግድ አይደለም። ጥሬው ፍሬ ዩሪያን ወደ አሞኒያ የሚቀይር ዩሪኤዝ የተባለ ኢንዛይም አለው፤ እሱም ትሪፕሲንን ከሚያንቀው ፕሮቲን ጋር በተቀራራቢ ሙቀት ይከሽፋል። ከተፈጨው ጥቂት ወስዳችሁ ከትንሽ የዩሪያ ማዳበሪያና ከለብ ያለ ውሃ ጋር በብርጭቆ ዕቃ በጥብጡና ክዳኑን ግጠሙ። ቆይታችሁ ስትከፍቱት አፍንጫ የሚሰነፍጥ የአሞኒያ ሽታ ከመጣ አልበሰለም፤ መልሳችሁ ቀቅሉት። ማረሩን ግን ይህ ሙከራ አይነግራችሁም፤ እሱን በቀለሙ ለዩ። ለሙከራ የበጠበጣችሁትን ድፉት፤ ዩሪያ ዶሮን ይመርዛል።