ስለ ሽያጭ መዝገብ መፈለጊያ መሣሪያ መግለጫ አጻጻፍ

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጥያቄ ከመመለስ አልፎ በወኪልነት ሥራ መሥራት መጀመሩ የታወቀ ነው። ወኪል የምንለው፥ የቋንቋ ሞዴሉ የተሰጠውን ጉዳይ ለመፈጸም ልዩ ልዩ መሣሪያዎችን እየመረጠ እንዲጠራ የተፈቀደለትን ፕሮግራም ነው። ከነዚህም መሣሪያዎች አንዱ የሽያጭ መዝገብ መፈለጊያ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ ሳይሆን መግለጫው እንዴት ሊጻፍ እንደሚገባው ነው።

አሠራሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሞዴሉ የመሣሪያውን ኮድ አያይም። የሚቀርብለት የመሣሪያው ስም፥ ምን እንደሚሠራ የሚገልጽ ጽሑፍና ሊሞሉ የሚገባቸው ክፍሎች ዝርዝር ነው። ይህን አንብቦ የጥሪ ጽሑፍ ያዘጋጃል፤ ጥሪውን የሚፈጽመው ግን ሌላ ፕሮግራም ሲሆን ውጤቱን መልሶ ለሞዴሉ ያስነብበዋል። ኦፕንኤአይ ይህን አሠራር እ. ኤ. አ. በጁን 2023 ለፕሮግራም ጸሐፊዎች አቀረበ፤ አንትሮፒክም በኖቬምበር 2024 ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል የተባለውን የጋራ ደንብ አወጣ። ደንቡ ቅርጹን ይወስናል እንጂ የመግለጫውን ጥራት ሊያረጋግጥ አይችልም።

አዲስ የተቀጠረ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ መመሪያው ቢጎድልበት አጠገቡ ያለውን ሰው ይጠይቃል። ወኪሉ ግን ብዙ ጊዜ ገምቶ ይሠራል፤ ግምቱንም እንደ እርግጠኛ ነገር አድርጎ ያቀርበዋል።

ለምሳሌ ያህል በመርካቶ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጥ ነጋዴ «በመስከረም 2017 ስንት ሸጥን?» ብሎ ወኪሉን ጠየቀ እንበል። የመሣሪያው መግለጫ «ሽያጭ በቀን ይፈልጋል» ከማለት በቀር ሌላ ቃል የለውም። ወኪሉ ይህን ሴፕቴምበር 2017 ብሎ ቢወስደው ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ይፈልጋል፤ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 2017 የጀመረው ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ነውና። ሱቁ ያን ጊዜ ያልተከፈተ ከሆነ ውጤቱ ባዶ ይሆናል፤ ነጋዴውም «ምንም ሽያጭ የለም» የሚል መልስ ይደርሰዋል። ይህ እንኳ ከሁሉ የሚሻለው ስሕተት ነው፤ ወዲያው ይታወቃልና። የሚያስፈራው፥ ሱቁ የቆየ ሆኖ የሌላ ዓመት ድምር ሲመጣና ያም ለግብር ማስታወቂያ ሲገባ ነው።

ስለዚህ መግለጫው መሣሪያው በየትኛው ዘመን አቆጣጠር ቀን እንደሚቀበል በግልጽ መናገር አለበት። 13ኛውን ወር ጳጉሜንን ይቀበል እንደ ሆነ፥ «ዓመት» ሲባል ከመስከረም 1 ወይስ የበጀት ዓመት ከሚጀምርበት ከሐምሌ 1 እንደሚቆጠር መጻፍ ይገባል። ሰዓትም እንደዚሁ ነው፤ የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት በኮምፒዩተሩ 9 ነው።

የስም ፍለጋ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ኃይሉ፥ ሀይሉ፥ ሐይሉ፥ ሃይሉ ለአንባቢ አንድ ስም ናቸው። ለኮምፒዩተር ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው፤ የግዕዝ ፊደል በ1999 እ. ኤ. አ. በዩኒኮድ ሲመዘገብ ሀ፥ ሐ እና ኀ፥ ሰ እና ሠ፥ አ እና ዐ፥ ጸ እና ፀ በየራሳቸው ቦታ ተቀምጠዋል። መሆንም የሚገባው እንዲህ ነበር፤ ነገር ግን መሣሪያው ከማወዳደሩ በፊት አንድ ድምፅ ያላቸውን ካላስተካከለ፥ ዕዳውን በደረሰኝ የከፈለ ደንበኛ እንዳልከፈለ ሊቆጠር ነው። መሣሪያው ፊደሉን የሚያስተካክል ከሆነ መግለጫው ይህን ይንገር፤ የማያስተካክል ከሆነ ወኪሉ ሌሎቹንም አጻጻፎች እንዲሞክር ይዘዝ። «የቤተሰብ ስም» የሚል ክፍል ከባሕር ማዶ ተቀድቶ ሲገኝም ወኪሉ የአባቱን ስም ይሙላ የአያቱን አይለይም።

የገንዘቡ ክፍል 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስን ይጨምር ወይም አይጨምር እንደ ሆነ መነገር አለበት፤ 1,000 ብርና 1,150 ብር የአንድ ዕቃ ዋጋ ሊሆኑ ይችላሉ። የተሰረዙና የተመለሱ ሽያጮችም እንዲሁ።

ስለ ውጤቱም መጻፍ ያሻል። መሣሪያው ከ312 ሽያጮች የመጀመሪያዎቹን 50 ብቻ የሚመልስ ቢሆንና ይህ ባይነገር፥ ወኪሉ ሃምሳውን ደምሮ ጠቅላላ ድምር ይላቸዋል። ድምሩን መሣሪያው ራሱ ቢሠራ የተሻለ ነው። «አልተገኘም» እና «ፍለጋው አልተሳካም» የሚሉት መልሶችም ሊለያዩ ይገባል።

እንዲህ ከሆነ ሁሉን እንጻፍ የሚል ይኖራል። ነገር ግን መግለጫው ከጥያቄው ጋር አብሮ ስለሚነበብ ርዝመቱ ዋጋና ቦታ ይወስዳል፤ በበዛም መጠን ዋናው ቃል ይሰወራል። እኛ የምናስቀድመው ወኪሉ ራሱ ሊገምተው የማይችለውን ነው።

አንዳንዶች «የሌላ ቅርንጫፍ ሽያጭ አታሳይ» የሚለውን ዓይነት ክልከላ በመግለጫው ውስጥ ያኖራሉ። ይህን አንደግፍም። መግለጫ ምክር ነው እንጂ አጥር አይደለም፤ ፈቃድን የሚጠብቀው ራሱ መሣሪያው መሆን አለበት።

መግለጫው ካለቀ በኋላ፥ መልሳቸው ከመዝገቡ በእጅ ተቆጥሮ የታወቀ ሃያ ያህል ጥያቄዎች አዘጋጅቶ ወኪሉን መፈተን ያስፈልጋል። በሚስትበትም ጊዜ አስቀድሞ መታየት ያለበት የላከው ጥሪ ነው፤ የትኛው ክፍል በግምት እንደ ተሞላ በዚያ ላይ ይገኛልና።