ሰነዶቻችን ያሉበት ፎልደር አልከፍት ሲለን ምን እናድርግ?

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ስልክ ነው፤ ግን ነገሩ የደመወዝ ጉዳይም ነው።

እኔ ቤሩት ነው የምሠራው። ስድስት ጓደኛሞች ሆነን ጎግል ድራይቭ ላይ አንድ ፎልደር ከፍተናል። የሁላችንም የፓስፖርት፣ የኢቃማና የኮንትራት ፎቶ እዚያ አለ። ደመወዝ የተቀበልንበትንና ያልተቀበልንበትን ወር የምንጽፍበት ሠንጠረዥም አለ። ፓስፖርታችን ማዳም ጋ ነው፣ ስልክም ይሰበራል፣ ይወሰዳል። ድራይቭ ላይ ያስቀመጥነው ግን ስልኩ ቢጠፋም ከሌላ ስልክ ገብተን እናገኘዋለን።

አንዷ ጓደኛችን ሰባት ወር ደመወዝ አልተከፈላትም። የሚረዳት ሰው «ማስረጃሽን ዛሬ ማታ ላኪልኝ» አላት። ሊንኩን ስትነካው አልከፍት አለ። ፈቃድ ያስፈልግሻል የሚል ጽሑፍ መጣ፤ ከሥሩ «ሪኩዌስት አክሰስ» የሚል ቁልፍ አለ። ፎልደሩን የከፈትኩት እኔ ስለሆንኩ ያስወጣኋት መሰላት። በድምፅ መልእክት እያለቀሰች «ምን አደረግኩሽ?» አለችኝ። እኔ ደግሞ ምንም አልነካሁም ብዬ ማልኩ።

ችግሩን እንዴት እንዳገኘነው በተራ ልንገራችሁ።

1. መጀመሪያ በየትኛው ጂሜይል እንደገባችሁ እዩ

ብዙ ጊዜ ችግሩ ይሄ ነው። ድራይቭ የሚያውቀው ሰውየዋን ወይም ስልኳን አይደለም፣ ጂሜይሏን ነው። የጓደኛችን ስልክ የማዳም ልጅ የሰጠቻት አሮጌ ስልክ ነበር። የልጅቷ ጂሜይል ሳይወጣ ስለቀረ ስልኩ ላይ ሁለት አካውንት አለ። ያን ማታ ድራይቭ የተከፈተው በልጅቷ ጂሜይል ነው። ታዲያ አላውቅሽም ቢላት ምን ይገርማል?

ድራይቭን ስትከፍቱ ከላይ ጥግ ላይ ፎቶ ወይም ፊደል ያለባት ክብ አለች። እሷን ንኩ። የገባችሁበት ጂሜይል ይታያል። የራሳችሁ ካልሆነ የራሳችሁን መርጣችሁ ሊንኩን እንደገና ክፈቱ።

2. ይህን ሳታዩ «ሪኩዌስት አክሰስ»ን አትንኩ

ጓደኛችን ደንግጣ ነክታው ነበር። እኔ ኢሜይል ላይ በማላውቀው የዓረብ ስም ፈቃድ ይሰጠኝ የሚል ጥያቄ መጣ። ቸኩዬ እሺ ብል ኖሮ የስድስታችን ሰነድ ለማዳም ልጅ ይከፈትላት ነበር። ማን ስንት ወር እንዳልተከፈላት ጭምር ታየው ነበር።

ስለዚህ የፎልደሩ ባለቤት የሆናችሁ፣ ጥያቄ ሲመጣላችሁ ጂሜይሉን ፊደል በፊደል አንብቡ። ደውሉና «አንቺ ነሽ የላክሽው?» በሉ። ካልሆነች ዝም ብላችሁ እለፉት።

የሌላ ሰው አካውንት ስልካችሁ ላይ ካለም በጊዜ እንዲወጣ አድርጉ። በዚያ አካውንት ስልኩ የት እንዳለ ማየትና ውስጡ ያለውን ከሩቅ ማጥፋት ይቻላል።

3. ጂሜይሉ ትክክል ሆኖም ካልከፈተ

አሁን ማየት ያለባት የፎልደሩ ባለቤት ናት። ፎልደሩ አጠገብ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክታ «ሼር» የሚለው ውስጥ ትግባ። ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ዝርዝር እዚያ አለ። አንድ ፊደል ከተሳሳተ ፈቃዱ የተሰጠው ለሌላ ሰው ነው ማለት ነው። የተሳሳተውን አውጥታ ትክክለኛውን ትጻፍ።

ከዝርዝሩ ጋር «ሬስትሪክትድ» ወይም «ኤኒዋን ዊዝ ዘ ሊንክ» የሚልም አለ። የመጀመሪያው ስማቸው የተጻፈ ብቻ ይግቡ ማለት ነው። ሁለተኛው ሊንኩ የደረሰው ሁሉ ይግባ ማለት ነው። ሰው አልገባልኝም ሲላችሁ ሁለተኛውን መክፈት ቀላል ይመስላል። አታድርጉት። ሊንክ ከስልክ ስልክ ይዞራል፣ ውስጡ ያለው ደግሞ ፓስፖርት ነው።

4. ለማን ምን ያህል?

ፈቃድ ደረጃ አለው። «ቪወር» ያያል እንጂ አይነካም። «ኮሜንተር» አስተያየት ይጽፋል። «ኤዲተር» ይጽፋል፣ ይቀይራል፣ ካልከለከላችሁት ሌላ ሰውም ያስገባል። ለሚረዳችሁ ሰው ቪወር ይበቃል።

ዋናው ፎልደር ላይ የሰጣችሁት ፈቃድ ውስጡ ላሉት ሁሉ ይወርዳል። የአንዷን ኮንትራት ለማሳየት ዋናውን ብትከፍቱለት የሌሎቹንም ያያል። እኛ አሁን ለየራሳችን ለየብቻ ፎልደር ከፍተናል፤ የደመወዝ ሠንጠረዡም ለየብቻ ነው።

5. የተጻፈው ቢጠፋ

ጓደኛችን በራሷ ጂሜይል ገባች፤ ሠንጠረዡን ስትከፍት ግን የሦስት ወር መስመሯ ባዶ ነው። ያኔ ነው ሁላችንም የደነገጥነው።

ጎግል የድሮውን ጽሑፍ ያስቀምጣል። ኤዲተር የሆነች ሰው በኮምፒውተር ሠንጠረዡን ትክፈትና «ፋይል»፣ ከዚያ «ቨርዥን ሂስትሪ» ትበል። መቼ እንደተቀየረና ማን እንደቀየረው ከነስሙ ይወጣል። የድሮውን መርጦ «ሪስቶር» ማለት ነው። በአንዷ ጓደኛ ላፕቶፕ ከፈትነው። የወጣው ስም የማን ይመስላችኋል? የኔ። የራሴን ወር ስሞላ በጣቴ የሷን አጥፍቻለሁ። ምንም አልነካሁም ብዬ የማልኩት እኔ! ይቅርታ ጠየቅኳት፣ መስመሩም ተመለሰ።

ፎቶ የተሰረዘ ከሆነ ያስገባችው እህት ድራይቯ ላይ «ትራሽ» ውስጥ ትፈልገው። 30 ቀን ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ይጠፋል። ፎቶው የፎልደሩ ባለቤት ሳይሆን ያስገባው ሰው ንብረት ነው። ስለዚህ ዋናውን ሰነዳችሁን በራሳችሁ ጂሜይል አስገቡ።

6. ጂሜይሉ ራሱ ቢዘጋባችሁ

ከሌላ ስልክ ስትገቡ ጎግል በሲም ካርዳችሁ ኮድ ሊልክ ይችላል። ሲሙ ከተወሰደ ውጭ ቀራችሁ። አስቀድማችሁ ጎግል አካውንታችሁ ውስጥ «ሴኩሪቲ» በሚለው ገብታችሁ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ክፈቱና «ባካፕ ኮድስ» አውጡ። ባለ 8 አሃዝ 10 ቁጥሮች ይሰጣችኋል፤ እያንዳንዱ አንዴ ብቻ ይሠራል። ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከስልኩ ራቅ አድርጋችሁ ደብቁ። 2 ዓመት ሙሉ ያልተገባበትን አካውንት ጎግል ሊሰርዘው ስለሚችል፣ አልፎ አልፎ ግቡበት። በሰው ስልክ ወይም ኮምፒውተር ከገባችሁ ደግሞ ሳትወጡ አትነሱ።

ጓደኛችን ማስረጃዋን በዚያው ማታ ላከች። ጉዳዩ ገና አላለቀም፤ ግን ሰባቱም ወር ከነቀኑ ተጽፎ በሰውየው እጅ ነው።

እህቶቼ፣ ፎልደር ካላችሁ ችግር እስኪመጣ አትጠብቁ። ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ሊንኩን ነክታችሁ ሞክሩት። ከከፈተ ጥሩ፤ ካልከፈተ ዛሬ ማወቃችሁ ይሻላል።