ያውቁ ኖሯል? ከአንድ ኩሬ የሚጠጡ ዳክዬዎች እኩል ቫይረስ አይረጩም

ሱዳን ውስጥ ከገዳሪፍ ከተማ በስተደቡብ በሚገኘው የዲንደር ብሔራዊ ፓርክ፣ የአገሬው ሰው «ማያ» በሚላቸው ረግረጋማ ኩሬዎች ላይ የዱር ዳክዬዎች ይሰፍራሉ። የዱር ዳክዬዎች የወፍ ጉንፋን ቫይረስ የተፈጥሮ ተሸካሚዎች ናቸው፤ ቫይረሱ አንጀታቸው ውስጥ ተራብቶ በኩሳቸው ወደ ውሃው ይገባል። ታዲያ አንዷ ዳክዬ ከሌላዋ እጅግ አብልጣ የምትረጨው ለምንድን ነው? ዘረመሏ ይሆን? «ነገሩ የዕድሜ ነው እንጂ ዘር ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። እርግጥ ነው፣ ጫጩቶች ከአዋቂዎቹ የበለጠ ይረጫሉ፤ ቀድሞ ተይዞ የዳነም የሚረጨው ይቀንሳል። ሆኖም እኩያ የሆኑና ቫይረሱን የማያውቁ ዳክዬዎች በቤተ ሙከራ እኩል መጠን ተሰጥቷቸውም የሚያወጡት ይለያያል።

ወደ ዘረመል የሚጠቁም አንድ ጠንካራ ማስረጃ እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሟል፦ ዳክዬ የቫይረሱን መግባት ቶሎ የሚያሳውቅ ሪግ-አይ የተባለ ጂን አላት፤ ዶሮ ግን የላትም። ይህ በዝርያዎች መካከል ያለ ልዩነት ነው፤ ስለ አንድ መንጋ በቀጥታ አይናገርም። በመንጋው ውስጥ ይበልጥ የሚጠረጠሩት ኤምኤችሲ የሚባሉት የበሽታ መከላከያ ጂኖች ናቸው፤ ከወፍ ወፍ እጅግ ይለያያሉና። በእኔ ሚዛን ዘረመል ከዕድሜ ጋር ተደምሮ እንጂ ብቻውን አይፈርድም። ኤች5ኤን1 የተባለው የወፍ ጉንፋን ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2006 ሱዳን ውስጥ በዶሮዎች ላይ ተገኝቷል፤ ብዙ የምትረጨዋ ዳክዬ በዓይን ስለማትለይ በረሃድና በዲንደር ወንዞች ዳር ዶሮ የምታረቡ ሁሉ ዶሮዎቻችሁን ከኩሬው ውሃ አርቁ።