አንድ ፍየል ስንት እህል ይገዛል?

ልጅ ሆኜ ዋግ ውስጥ አባቴ ፍየል ነድቶ ወደ ሰቆጣ ገበያ ሲሄድ እከተለው ነበር። ዝናብ በቀረበት ዓመት አንድ ነገር ግራ ገባኝ፦ የፍየል ዋጋ በወረደ ቁጥር አባቴ የሚነዳው ፍየል ይበዛል። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው "እኔ የምቆጥረው ማሽላውን ነው" አለኝ። ዓመታት አልፈው የኢኮኖሚክስ መምህሬ ሰሌዳው ላይ ሁለት መስመር አቋርጦ "ገበያ እዚህ ይረጋል" ሲል የአባቴ መልስ ትዝ አለኝ።

ሁለት ነገር እንለይ። የገበያ ሚዛን ማለት ሊሸጥ የቀረበውና ሊገዛ የተፈለገው እኩል የሚሆኑበት ዋጋ ነው። መርጋት ሌላ ነው፤ ዋጋው ከዚያ ቢያፈነግጥ ተመልሶ ይመጣል ወይ? አንዲት አተር ጣባ ውስጥ አስቀምጡና ነካ አድርጓት፤ ተንከባልላ መሐል ትመለሳለች። ጣባውን ደፍታችሁ ጀርባው ላይ ብታስቀምጧትም ለጊዜው ትቆማለች፤ አንዴ ከተነካች ግን አትመለስም። ሚዛን በሁለቱም ቦታ አለ፤ መርጋት ያለው በአንዱ ብቻ ነው።

የኢኮኖሚክስ ሊቃውንቱ ኬኔት አሮውና ጄራርድ ደብሩ እ.ኤ.አ. በ1954 ገበያዎችን ሁሉ ባንድ ጊዜ የሚያመዛዝን ዋጋ መኖሩን በሒሳብ አረጋገጡ። መኖሩን እንጂ መርጋቱን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960 ኸርበርት ስካርፍ ዋጋ ሚዛኑን እየዞረ ፈጽሞ የማይደርስበትን ገበያ በምሳሌ አሳየ። እኔን ግን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ አሮውና ደብሩ መነሻ ያደረጉት ግምት ነው፦ እያንዳንዱ ሰው ሳይሸጥና ሳይገዛ፣ በእጁ ባለው ብቻ በሕይወት መቆየት ይችላል። ዋግ ላይ በክፉ ዓመት የሚጠፋው ይኸው ነው።

በምሳሌ እንየው። ቤተሰቡ አዝመራ እስኪደርስ አንድ ኩንታል ማሽላ ይፈልጋል እንበል። ፍየል 3000 ብር፣ ኩንታሉ 6000 ብር ከሆነ ሁለት ፍየል ይበቃል። ዝናብ ሲቀር ፍየሉ ይከሳል፣ ዋጋው 2000 ይሆናል፤ ማሽላው 8000 ይገባል። አሁን አራት ፍየል ያስፈልጋል። ለጎረቤትም አራት፣ ለአጎራባቾቹ የዋግ ወረዳዎች ለዝቋላና ለአበርገሌ ሰውም እንዲሁ። ሁሉም ሲነዳ ገበያው በፍየል ይጥለቀለቃል፣ ዋጋው እንደገና ይወርዳል፤ ለሚቀጥለው ገበያ አምስት ይነዳል። ዋጋ ሲወርድ ሻጭ የሚያቀርበውን ይቀንሳል የሚለው ሕግ እዚህ ተገልብጧል። አተሯ ከጣባው ጀርባ ላይ ናት።

እህሉ ባይወደድ እንኳ ሰው ይራባል። የኢኮኖሚክስ ሊቁ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ የ1965 እና 66 ዓ.ም. የወሎን ረሃብ መርምሯል፤ ዋግ ያኔ የወሎ አውራጃ ነበር። ደሴ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወጥቶ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የተጫነ እህል ነበር። ገበሬው አዝመራውን ሲያጣ መግዣውንም አብሮ አጣ፤ ባዶ ኪስ ደግሞ ገበያ ላይ ድምፅ የለውም። ሕዝብ እያለቀ ገበያው ሚዛኑን ጠብቆ ነበር። ይህን ባነበብኩ ቀን መጽሐፉን ዘግቼ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

ስለዚህ ለችግረኛ ቤተሰብ እህል ወይም ብር የሚሰጠውን፣ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራውን የሴፍቲኔት ፕሮግራም ሳስብ ከመጠኑ በፊት የምጠይቀው ጊዜውን ነው። ፍየሏ ከበረቷ ሳትወጣ የደረሰ እህል ወይም ብር አተሯን ወደ ጣባው ውስጥ ይመልሳታል። ያው እርዳታ ሁለት ወር ዘግይቶ ሲደርስ ነፍስ ያድናል፤ መንጋው ግን ሄዷል።

ወደ አባቴ ልመለስ። ዝናብ ከቀረበት ዓመት በኋላ በተከታዩ ክረምት ዝናቡ መጣ። የፍየል ዋጋም ወደ ቦታው ተመለሰ፣ አልፎም ሄደ። አባቴ ግን ያን ዓመት ወደ ገበያ ፍየል አልነዳም። በረታችን ውስጥ የቀረችው አንዲት ግልገል ነበረች።