ኩዊልት ስትሠሩ ባዶው ቦታም ቅርጽ ነው

ኩዊልት የላይ ጨርቅ፣ የመሃል ስስ ጥጥና የሥር ገበር ተደራርበው አንድ ላይ የሚሰፉበት ሥራ ነው። ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚጨነቁት ለቅርጹ ነው። እኔ ግን ተማሪዎቼን አስቀድሜ የማሳያቸው በቅርጹ ዙሪያ የሚቀረውን ቦታ ነው።

እንዲህ ሞክሩት፦

1. 20 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጥቁር ወረቀት ሰፋ ባለ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጡ። ከጠርዙ ቅርጽ ቆርጣችሁ እንደ በር ወደ ውጭ ገልብጡት። የትኛው ቅርጽ፣ የትኛው መደብ እንደሆነ ዓይን መወሰን ካቃተው ንድፉ ተሳክቷል።

2. ንድፉን ወደ ጨርቅ ለመቀየር ሁለት ጨርቅ ብቻ ምረጡ፤ አንዱ ጠቆር፣ አንዱ ነጣ ያለ። በስልካችሁ በጥቁርና ነጭ ፎቶ አንሷቸው። ከተመሳሰሉ አንዱን ቀይሩ።

3. ጨርቁን ስትቆርጡ ለስፌት በየጎኑ 6 ሚሊ ሜትር ጨምሩ። ተሰፍቶ 2 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን የምትፈልጉት መስመር 3.2 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ይቆረጣል። ይህ ከተዘነጋ ቀጭኑ መስመር በስፌት ተበልቶ ያልቃል።

4. ሦስቱን ድርብ ስትሰፉ ባዶውን ቦታ ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ስፉት፤ ቅርጹን ተዉት። የተሰፋው ይተኛል፤ ያልተሰፋው ከፍ ይላል። መዳፋችሁን ብታሳርፉበት ልዩነቱ ይታወቃችኋል።

በአሜሪካ፣ አላባማ ግዛት፣ የጂስ ቤንድ ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ያረጀ የሥራ ልብስ ቀድደው ኩዊልት በመሥራት ጥበቡን ለትውልድ አስተላልፈዋል። ሥራቸው በ2002 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ በሚገኘው ዊትኒ ሙዚየም ለእይታ በቅቷል። ፎቶዎቹን ፈልጋችሁ እዩ፤ መጀመሪያ ግን ባዶውን ቦታ ተመልከቱ።