ባሩድና ነፍጥ በታሪካችን ውስጥ

ስለ ጦርነት ታሪክ ሲነሳ ብዙውን ጊዜ የምንሰማው የጀግኖች ስምና የድል ቀን ነው። መሣሪያው ከየት እንደ መጣ፣ እንዴት እንደሚሠራ፣ ዋጋውንም ማን እንደ ከፈለ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ነገ ክፍል ገብተን ስለ መቅደላና ስለ ዓድዋ የምናስተምር እኛ ይህን ማወቅ ይገባናል። ተማሪ እኮ «በዓድዋ ለምን አሸነፍን? በመቅደላስ ለምን ተሸነፍን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። «ጀግኖች ስለ ነበርን» የሚለው መልስ ብቻውን አይበቃም፤ በመቅደላም ጀግና አልጠፋምና። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

ሀ. ከስሙ እንጀምር

ነፍጥ፣ ባሩድ፣ መድፍ የሚሉት ቃላት ከዓረብኛ የመጡ ናቸው። «ነፍጥ» በመጀመሪያ የሚቀጣጠል የመሬት ዘይት ማለት ነበር፤ በኋላ ለባሩድና ባሩድ ለሚተኩሰው መሣሪያ መጠሪያ ሆነ። መትረየስ ከፈረንሳይኛ ነው። ውጅግራ የምንለው ፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» የሚሉትን ጠመንጃ ሲሆን፣ ስናድር ከእንግሊዞቹ «ስናይደር»፣ ምንሽር ደግሞ ከኦስትሪያው «ማንሊኸር» የተወሰደ ነው። ሽጉጥ ግን የራሳችን ቃል ነው፤ ሸጎጠ፣ ሽጉጥ። እንግዲህ ስሞቹን ብቻ ብናይ መሣሪያው በየትኛው በር እንደ ገባ እንረዳለን። ከቀይ ባሕር ማዶ፣ ኋላም ከአውሮፓ ነው የመጣው።

ለ. ባሩድ እንዴት ይሠራል?

ባሩድን በመጀመሪያ የሠሩት ቻይናዎች ሲሆኑ ጊዜውም ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን አካባቢ ነው። ሦስት ነገሮች ይደባለቃሉ፤ ከመቶ 75 እጅ ያህል ፖታሲየም ናይትሬት የሚባል ጨው መሰል ነገር፣ 15 እጅ ከሰል፣ 10 እጅ ድኝ። ጨው መሰሉ ነገር ሲሞቅ ኦክሲጅን ይሰጣል። ከሰሉና ድኙ በዚያው ኦክሲጅን ስለሚቃጠሉ የውጭ አየር አያስፈልጋቸውም። ቃጠሎው ባንዳፍታ ብዙ ጋዝ ይፈጥራል፤ ጋዙም መውጫ ሲያጣ ጥይቱን በአፈሙዙ ገፍቶ ያወጣዋል። ነገሩ ይኸው ነው።

በአገራችንም ባለሙያዎች ባሩድ ይቀምሙ ነበር። ይሁን እንጂ ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። የዚህ ጠመንጃ ቀለህ በፋብሪካ እንጂ በእጅ ለመሥራት አስቸጋሪ ነው። ጠመንጃውን የማረከ ሁሉ ጥይቱን ከውጭ መጠበቅ ግድ ሆነበት።

ሐ. ከወይና ደጋ እስከ መቅደላ

በአሥራ ስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኢማም አሕመድ (ግራኝ) ከዐፄዎቹ ጋር ሲዋጋ ሁለቱም ወገን ነፍጥ የፈለገው ከባሕር ማዶ ነበር። በ1533 ዓ.ም. 400 ያህል ፖርቱጋሎች በክሪስቶቫው ዳ ጋማ መሪነት ምጽዋ ወረዱ። ኢማሙም ከቱርኮች 900 ያህል ነፍጠኞችና 10 መድፎች አገኘና በ1534 ዓ.ም. ዳ ጋማን ድል አድርጎ ገደለው። ከዚያ በኋላ ግን አብዛኞቹን ቱርኮች አሰናበተ። በየካቲት 1535 ዓ.ም. በወይና ደጋ ከዐፄ ገላውዴዎስና ከተረፉት ፖርቱጋሎች ጋር ሲገጥም ተመትቶ ሞተ፤ ጦሩም ተበተነ። የተበደሩት ጉልበት ሲሄድ ምን እንደሚከተል ይህ በግልጽ ያሳያል።

ይህን ችግር ከሁሉ አጥብቀው ያዩት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። መሣሪያ መግዛት ብቻ ሳይሆን መሥራት አለብን አሉ። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የአውሮፓ ሚሲዮናውያንን ሰብስበው መድፍ አስቀለጡ። ለእኛ ለመምህራን ልብ ሊባል የሚገባው፣ እዚያው ጋፋት ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ፊደልና የእጅ ሙያ እንዲማሩ መደረጉ ነው። ከተሠሩት ሁሉ ትልቁ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ነበር። ተራራ እየተቆረጠ፣ መንገድ እየተጠረገ፣ ወደ ስድስት ወር በሚጠጋ ጉዞ መቅደላ ደረሰ።

ታዲያ ምን ሆነ? ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በእሮጌ ሜዳ የንጉሡ ጦር ከእንግሊዞች ጋር ገጠመ። የእኛዎቹ በአብዛኛው በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ ነበራቸው፤ በደቂቃ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢተኩሱ ነው። እንግሊዞቹ የያዙት ስናድር በደቂቃ አሥር ያህል ይተኩሳል። ወደ 700 የሚጠጋ ኢትዮጵያዊ ወደቀ፤ ከእንግሊዞች የቆሰሉት 20 ያህል፣ ከእነዚህም የሞቱት 2 ነበሩ። ከሦስት ቀን በኋላ ንጉሡ በሽጉጣቸው ሕይወታቸውን አሳለፉ። አንድ መድፍ፣ ቢገዝፍም፣ የኢንዱስትሪን ሥራ ሊተካ አይችልም።

መ. ዓድዋና የነፍጡ ዋጋ

ዐፄ ዮሐንስ በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራ ግብጾችን ድል ሲያደርጉ ብዙ ሬሚንግተን ጠመንጃ ማረኩ። ምኒልክ ደግሞ በንግድ በኩል በረቱ። በ1879 ዓ.ም. ታዋቂው ፈረንሳዊ ገጣሚ አርተር ራምቦ እንኳ ነጋዴ ሆኖ 2,000 ያህል ጠመንጃ ወደ ሸዋ አምጥቷል። ኢጣሊያም ራሷ ወዳጅነትን ለመግዛት ስትል ጠመንጃና ጥይት አቅርባለች! የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. 17,700 ያህል ወታደርና 56 መድፍ የያዘው የኢጣሊያ ጦር በዓድዋ ሲመታ፣ የኢትዮጵያ ጦር በቁጥር ብቻ ሳይሆን በመሣሪያም ባዶ እጁን አልነበረም። መድፎቹም ሁሉ ተማረኩ።

ነገር ግን ነፍጥ በነጻ አይመጣም። በዝሆን ጥርስ፣ በወርቅ፣ በዝባድ ይገዛ ነበር፤ ከዚህም ሀብት ብዙው የተገኘው በደቡብና በምዕራብ ከተደረገው ዘመቻ ነው። ዘመቻው ካለቀ በኋላ በየአካባቢው የሰፈረው ባለጠመንጃ በደመወዝ ፈንታ ገባር ተመደበለት። «ነፍጠኛ» የሚለው ቃል መነሻው ይኸው ነፍጥ ታጣቂው ወታደር ሲሆን፣ ከተለያየ ብሔረሰብ የተውጣጣ ነበር። እንግዲህ ያው ጠመንጃ በዓድዋ ነጻነትን ጠበቀ፤ በሌላ ቦታ ደግሞ ገበሬውን ገባር አደረገ። አንዱን ተናግሮ ሌላውን መተው ታሪክ ማስተማር አይባልም።

በኑሮም ውስጥ ነፍጥ ሥር ሰደደ። በአንዳንድ ገበያ ጥይት እንደ አሞሌ ጨው መገበያያ ነበር። በሠርግና በለቅሶ ጠመንጃ መተኮስ ክብር ሆነ፤ ጠመንጃ የሌለው ሰው እንደ ጎደለ ይቆጠር ጀመር።

ሠ. ስድስት ኪሎ የመሰከረው

በ1927 ዓ.ም. ኢጣሊያ ለወረራ ስትዘጋጅ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አሉ። ኢጣሊያ መሣሪያዋን ራሷ ትሠራለች፤ የተጎዳችው ኢትዮጵያ ብቻ ነበረች። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ በሆነው ስፍራ፣ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ የእጅ ቦምብ ጣሉ። በቀጣዮቹ ሦስት ቀናት የከተማው ሕዝብ በጥይት፣ በእሳትና በዱላ ተጨፈጨፈ፤ የሟቾቹ ቁጥር ከ19 ሺህ እስከ 30 ሺህ ይገመታል። በአደባባዩ የቆመው ሐውልት የእነርሱ መታሰቢያ ነው።

በዚያው ሰፈር ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተመትቶ ወደቀ። በማግስቱም ለአስከሬኑ በተሰበሰቡ ተማሪዎች ላይ በግቢው ውስጥ ተተኮሰባቸው። ያኔ ቃታውን የሳበው የውጭ ወራሪ አልነበረም።

ረ. ለክፍል ትምህርት

ከዚህ ሁሉ የምንይዘው ምንድን ነው? አንደኛ፣ ድልና ሽንፈት በወኔ ብቻ ሳይሆን በሙያ፣ በንግድና በድርጅት ጭምር እንደሚወሰን፤ ሁለተኛ፣ ነፍጥ ራሱ ወገን እንደሌለው፤ ያነሳውን እጅና የዞረበትን አቅጣጫ መጠየቅ እንደሚገባ። ስለዚህ ስለ አንድ ጦርነት ስናስተምር ሦስት ጥያቄዎች ሰሌዳ ላይ እንጻፍ፦ መሣሪያው ከየት መጣ? ማን ከፈለበት? በማን ላይ ዞረ? መልሱን ተማሪዎቹ ራሳቸው ይፈልጉት። በቤታቸው ግድግዳ ላይ አሮጌ ምንሽር የተሰቀለ ልጆች ቢኖሩ፣ ከአያቶቻቸው ጠይቀው የሚያመጡት ታሪክ ከመጽሐፍ የማይገኝ ሊሆን ይችላል።